ቁልፉን ለማን እንስጥ?

በአቦምሳ ገበያ ሽንኩርት የሚነግድ ሰው አዲስ ሠራተኛውን ወደ መጋዘን ሲልክ «ቆጥረህ ና» ይለዋል እንጂ የካዝናውን ቁልፍ አይጨምርለትም። እኛ ግን ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚመራውን ወኪል የባንክ ሒሳብና የተማሪ ውጤት ወደ ተከማቸበት ዳታቤዝ ስንልክ ይህን ጥንቃቄ እንዘነጋለን።

ወኪሉ በተራ ቋንቋ የጠየቅነውን ወደ ኤስኪውኤል ትእዛዝ ለውጦ ያስፈጽማል። ሥልጣኑ ካለው እንደሚያነብ ሁሉ ተሳስቶ ሊሰርዝም ይችላል። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. የሬፕሊት ወኪል ያለ ፈቃድ ምንም እንዳይለውጥ ተነግሮት ሳለ በሥራ ላይ የነበረ ዳታቤዝ ደመሰሰ። እንግዲህ ማስጠንቀቂያ ብቻውን አጥር አይሆንም።

አጥሩ የሚታጠረው በዳታቤዙ ላይ ነው። አንደኛ፣ ወኪሉ ማንበብ ብቻ የሚያስችል የራሱ መግቢያ ይሰጠው። ሁለተኛ፣ ለሥራው የሚያስፈልገው ሠንጠረዥ ብቻ ይታየው። ሦስተኛ፣ የሚያወጣው መረጃ ብዛትና የሚፈጀው ጊዜ ይወሰን፤ አለዚያ አንድ ከባድ ጥያቄ የሌላውን ሁሉ ሥራ ያጓትታል። አራተኛ፣ መለወጥ ግድ ሲሆን አስቀድሞ ሰው አይቶ ያጽድቅ። አምስተኛ፣ የሠራው ሁሉ ይመዝገብ።

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሲስተም ስሕተት ደንበኞች የሌላቸውን ገንዘብ ሲያወጡ፣ ከነርሱ መካከል የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። በዚያ ነገር ወኪል አልነበረበትም፤ ነገር ግን ወሰኑ የላላ ማሽን በአንድ ሌሊት ምን እንደሚያደርስ አይተንበታል።

ነገ በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ የሚሰጠን እኛ ነን። ቁልፉን ከማስረከባችን በፊት የትኛውን በር እንደሚከፍት እንጠይቅ።