«ቴክኒክና ሙያ ግቡ» ይባላል፤ በሩስ ሰፍቷል፣ ወርክሾፑስ?

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር በውስጥ መስመር አንድ ጥያቄ ይጎርፍልናል፦ «ነጥብ አልመጣልኝም፣ ቴክኒክና ሙያ ብገባ ያዋጣኛል?»

አጭሩ መልሳችን፦ ሙያ መያዝ ያዋጣል። ግን የምትገቡበት የመንግሥት ኮሌጅ ሙያውን በእጃችሁ የማስገባት አቅም አለው ወይ? ረጅሙ መልስ እዚህ ላይ ነው።

🔹 ስንት ሰው ነው የሚመጣው?

በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ። የተወሰኑት በሪሚዲያል በኩል ዩኒቨርሲቲ ይገባሉ። ለቀሪው «ቴክኒክና ሙያ አለላችሁ» ይባላል።

🔹 ኮሌጆቹ የማን ናቸው?

የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር በ2014 ዓ.ም. ሲቋቋም ሥልጠናውን፣ ሥራ ፈጠራውንና የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይን በአንድ ጣሪያ ሥር አመጣ። ፖሊሲውና የሙያ ደረጃው የሚወጣው በፌዴራል ነው። አብዛኞቹን ኮሌጆች የሚያስተዳድሩት ግን ክልሎችና የከተማ አስተዳደሮች ናቸው። «ብዙ ሰልጣኝ ተቀበሉ» የሚለው ከላይ ይመጣል፤ የአሰልጣኙ ደመወዝና የወርክሾፑ ወጪ ክልሉ ላይ ያርፋል። ከክልል በጀት ደግሞ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ደመወዝ ነው። ለዕቃ የሚተርፈው ትንሽ ነው።

🔹 ችግሩ የት የት ላይ ነው?

1. ማሽንና አላቂ ዕቃ
እስቲ ብየዳን እንውሰድና እናስላው። በአንድ ክፍል 30 ሰልጣኝ አለ፣ የሚሠሩ የብየዳ ማሽኖች 3 ናቸው፣ የተግባር ክፍለ ጊዜው 3 ሰዓት ነው እንበል። ለአንድ ሰው የሚደርሰው 18 ደቂቃ ነው። አንዱ ማሽን ሲበላሽ 12 ደቂቃ ይሆናል። በዚያ ላይ መብራት ለአንድ ሰዓት ከጠፋ 8 ደቂቃ! ኤሌክትሮዱና ብረቱ ደግሞ አንዴ ከተሠራበት አለቀ፣ በየጊዜው መገዛት አለበት። ብዙው ማሽንና መለዋወጫ ከውጭ ስለሚመጣም ሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በዚያው በጀት የሚገዛው ዕቃ ቀንሷል።

2. አሰልጣኝ
ጥሩ አሰልጣኝ ሙያውን በእጁ የሚያውቅ፣ ማስተማርም የሚችል ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ግን ውጭ ወጥቶ ቢሠራ ከመንግሥት ደመወዝ የተሻለ ያገኛል። ስለዚህ ይለቃል። የሚተካው ብዙ ጊዜ ራሱ ወርክሾፕ ውስጥ ብዙ ያልቆየ ወጣት ነው። እሱም የሚያውቀውን ያስተምራል፦ ሰሌዳ ላይ። በቃል የተነገረ ብየዳ ደግሞ ብረት አያያይዝም።

3. የትብብር ስልጠና
በሥርዓቱ መሠረት 70 በመቶው ስልጠና ተግባር፣ 30 በመቶው ንድፈ ሐሳብ ነው። ከተግባሩ የተወሰነው ድርጅት ውስጥ መሠራት አለበት። ፋብሪካ በሌለበት ወረዳ ያለ ኮሌጅ ልጆቹን የት ይላካቸው? ያሉት ጋራዦችና የእንጨት ሥራ ቤቶች ትንንሽ ናቸው። ባለቤቱ ላይም አትፍረዱ፤ ልጁ ያበላሸውን ዕቃ የሚተካለት የለም። በዚህ የተነሳ ሰልጣኙ ወለል ጠርጎ፣ ሻይ አመላልሶ፣ ወረቀቱን አስፈርሞ ይመለሳል። በሪፖርት ላይ ግን «የትብብር ስልጠና አጠናቋል» ይላል።

4. ምዘና (ሲኦሲ)
ሰልጣኙን የሚመዝነው ያሠለጠነው ሰው መሆን የለበትም። መዛኝ ከኢንዱስትሪው እንዲመጣ የሚፈለገውም ለዚህ ነው። ጥሩ አሠራር ነው፤ ግን መዛኝ፣ ቦታና ዕቃ በአንድ ቀን መገኘት አለባቸው። በር ላይ ደግሞ የሚሰለፈው የኮሌጅ ሰልጣኝ ብቻ አይደለም። ሙያውን በልምድ የተማረ ሠራተኛ አለ፣ ወደ አረብ ሀገር ለሥራ የሚሄዱ እህቶቻችን አሉ።

በጦርነቱ የተጎዱ አካባቢዎች ደግሞ ከዜሮ በታች ነው የሚጀምሩት። በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ኮሌጆች ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል። ያ ማሽን ሳይተካ «ዘንድሮ ስንት ተቀበላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ትርጉም የለውም።

🔹 ታዲያ ለምን ይህን ያህል አስጨነቀን?

አራቱ ነገሮች ተያይዘው ስለሚሄዱ። አስር አዲስ ሕንፃ ቢሠራ፣ አሰልጣኝ ከሌለ የሥርዓቱ አቅም የአሰልጣኙን ያህል ነው። አሰልጣኝ ኖሮ ኤሌክትሮድ ካለቀ ደግሞ የኤሌክትሮዱን ያህል። ኮሌጆች በተቀበሉት ቁጥር እስከተለኩ ድረስ በሩ ይሰፋል፣ ለአንድ ልጅ የሚደርሰው ደቂቃ ግን ያጥራል። ጉዳቱ የሚታየው በኋላ ነው። ቀጣሪው «ሰርተፍኬት አለው፣ ሥራ አያውቅም» ይላል፤ ልጁም ሁለት ዓመቱን ከፍሎ እንደገና ጋራዥ ገብቶ ከታች ይጀምራል። በሚቀጥለው ዓመት ታናሽ ወንድሙን «እዚያ አትግባ» ብሎ የሚመክረው እሱ ነው።

🔹 ከመመዝገባችሁ በፊት

ኮሌጁ ድረስ ሂዱና እነዚህን ጠይቁ፦
✅ በዚህ ሙያ የሚሠሩ ማሽኖች ስንት ናቸው? (ያሉት ሳይሆን የሚሠሩት!)
✅ በአንድ ክፍል ስንት ሰልጣኝ ይገባል?
✅ ለትብብር ስልጠና የምትልኩን የት ነው?
✅ ያለፈው ዓመት ሰልጣኞች ስንቱ ምዘናውን አለፉ? ስንቱስ ሥራ ያዙ?

ከተቻለ ሁለተኛ ዓመት ላይ ያለ ሰልጣኝ ፈልጉና «ባለፈው ሳምንት በእጅህ ምን ሠራህ?» በሉት። ከየትኛውም ብሮሹር የተሻለ የሚነግራችሁ የእሱ መልስ ነው። ወላጆችም ብትሆኑ ልጃችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ ወርክሾፑን ክፈቱልን በሉ።

ለኃላፊዎች ደግሞ አንድ ጥያቄ አለን። የዘንድሮውን ቅበላ ስትነግሩን አንድ ሰልጣኝ በሳምንት ስንት ሰዓት ማሽን ላይ እንደሚቆምም አብራችሁ ንገሩን።

እናንተ የሰለጠናችሁበት ኮሌጅ እንዴት ነበር? ጻፉልን፣ እናነባለን።