ወረፋን የሚያጠና ሙያ፦ ኢንዱስትሪያል ኢንጂነሪንግ በአቃቂ ቃሊቲ

ከሳሪስ ወደ ቃሊቲ የሚመላለስ ሰው ስለ ወረፋ አስረዱኝ አይልም። ተሳቢዎች መንገዱን ይዘው ይቆማሉ፤ ረዳቶች ጥላ ፈልገው ጋደም ይላሉ፤ ትራንዚተሮች ዶሴ ታቅፈው ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ይሯሯጣሉ። ይህን ሁሉ መጠበቅ የሚለካ፣ ምክንያቱን የሚፈልግና መላ የሚያበጅ ሙያ አለ፤ ኢንዱስትሪያል ኢንጂነሪንግ ይባላል። ከሲቪሉና ከኤሌክትሪካሉ ጎን ሲጠራ የሚያውቀው ጥቂት ነው። እኔ ግን አቃቂ ቃሊቲን የዚህን ያህል የሚጠቅም ሌላ የምህንድስና ዘርፍ አይታየኝም።

ሥራው ባጭሩ ሰው፣ ማሽን፣ ዕቃና መረጃ ተገናኝተው ሲሠሩ ጊዜና ጉልበት የት ላይ እንደሚባክን ማጥናትና ማስተካከል ነው።

ለዚህ ጥናት ደግሞ ከዚህ ክፍለ ከተማ የተሻለ ቦታ የለም። የጅቡቲው የድሮ ባቡር በ1909 ዓ.ም አዲስ አበባ የገባው አቃቂን አልፎ ነው። የጨርቃ ጨርቅ፣ የብረታ ብረትና የምግብ ፋብሪካዎች በዚሁ መስመር ተተከሉ። ዛሬ የቃሊቲ ደረቅ ወደብና ጉምሩክ እዚህ ናቸው፤ የአዳማው ፈጣን መንገድ ከቱሉ ዲምቱ ይነሳል፤ በ2010 ዓ.ም መደበኛ አገልግሎት የጀመረው አዲሱ ባቡርም ጭነቱን እዚሁ አቅራቢያ፣ እንዶዴ ላይ ያራግፋል። የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ያለውም እዚሁ ቂሊንጦ ነው።

ብዙ ሠራተኛ ሙያውን የተዋወቀው ካይዘን በሚባለው የጃፓኖች የሥራ ማሻሻያ ዘዴ በኩል ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በ2000 ዓ.ም ጃፓንን እገዛ ጠየቁ፤ በ30 ድርጅቶች ላይ ሙከራ ተደረገ፤ በ2004 ዓ.ም የካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። አምስቱ "ማ"ዎች፣ ማለትም ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድና ማዝለቅ፣ በየፋብሪካው ግድግዳ ተለጠፉ። ጥሩ ጅምር ነው። ግን ወለሉን ቢጫ ቀለም ቀብቶ፣ መፍቻውን በቅርጹ ሰቅሎ፣ "ካይዘን ተግብረናል" ብሎ ፎቶ የሚነሳ ኃላፊ ሳይ እበሳጫለሁ። ቀለሙ ከተቀባ በኋላ ዕቃው ከበር እስከ በር ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ አጠረ ወይስ አላጠረም? ጥያቄው ይህ ነበር፤ የሚጠይቀው ግን የለም።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ሌላ እምነት ነው፦ "ሥራ ያልፈታ ማሽን አትራፊ ማሽን ነው" የሚለው።

አንድ የጫማ ፋብሪካ ውስጥ ፎርማኑ የቆዳ መቁረጫ ፕረሱን እያሳዩኝ፣ "ይቺ ማሽን ከጠዋት እስከ ማታ ቆማ አታውቅም" አሉኝ፤ ኩራታቸው እውነተኛ ነበር። ከፕረሱ አለፍ ብሎ ስፌት ክፍሉ በር ላይ የተቆረጠ ቆዳ በጥቅል በጥቅል እስከ ወገብ ተከምሯል። አንዲት ሰፊ ማሽኗን ትታ ክምሩን ታገላብጣለች።

"እህቴ፣ ምን ጠፋብሽ?" አልኳት።

"የቀኙ አለ፣ የግራው የለም። ቀለሙ ካልገጠመ ደግሞ ይመልሱብኛል።"

ቆዳ እንደ ጨርቅ አንድ ዓይነት አይደለም፤ የአንዱ በግ ከሌላው በቀለምም በውፍረትም ይለያያል። ስለዚህ ቀኝና ግራው ከተመሳሳይ ቆዳ ወጥተው አብረው መጓዝ አለባቸው። ክምር ውስጥ ሲገቡ ይለያያሉ። ያቺ የማትቆም ፕረስ የምታመርተው ጫማ ሳይሆን ፍለጋ ነበር። ፎርማኑንም ብቻቸውን አልወቅስም፤ የቆራጩ ጉርሻ የሚታሰበው በቆረጠው ብዛት ነው። ደንቡ ራሱ ክምር ያዛል።

ክምሩ የሚያስከፍለውን ለማወቅ አንዲት ማካፈል ትበቃለች። አሜሪካዊው ጆን ሊትል በ1961 እ.ኤ.አ. በሒሳብ ያረጋገጠው ሕግ እንዲህ ይላል፦ በአንድ ቦታ ያለው ብዛት፣ በቀን የሚያልፈው መጠን በሚቆይበት ቀን ሲባዛ የሚገኘው ነው። ለምሳሌ ስፌት ክፍል በቀን 500 ጥንድ ቢሰፋና በፊቱ 6,000 ጥንድ ቢጠብቀው፣ ዛሬ የተቆረጠ ቆዳ መርፌ የሚያገኘው ከ12 የሥራ ቀን በኋላ ነው። ቆራጩ እጥፍ ቢፈጥን ክምሩ ያድጋል እንጂ ደንበኛው ጫማውን ቀድሞ አያገኝም።

በሌላ በኩል፣ ወረፋ የሚረዝመው የግድ አቅም ስላነሰ አይደለም። ወፍጮ ቤትን እንውሰድ። አንድ ደንበኛ ለማስተናገድ በአማካይ 10 ደቂቃ ይፈጃል፤ ሰው ግን በቀጠሮ አይመጣም፤ አንዷ የሽሮ እህል በዘንቢል፣ ሌላው ጤፍ በኩንታል ይዞ ይመጣል። ወፍጮው የጊዜውን ግማሽ ብቻ ከሠራ አማካዩ ጥበቃ 10 ደቂቃ ነው። 80 በመቶ ሲሠራ 40 ደቂቃ፤ 90 በመቶ ሲደርስ አንድ ሰዓት ተኩል፤ 95 በመቶ ሲሆን ከሦስት ሰዓት በላይ ይሆናል። ከ90 ወደ 95 ስንሄድ ሥራው የጨመረው በጥቂቱ ነው፤ ጥበቃው ግን ከእጥፍ በላይ አደገ። የዚህ ስሌት መሠረት የተጣለው ዴንማርካዊው ኤርላንግ የኮፐንሃገንን የስልክ ጥሪዎች ሲያጠና ነው፤ የመጀመሪያ ጽሑፉ በ1909 እ.ኤ.አ. ወጣ። ፎርክሊፍቱም፣ የዕቃ ፈታሹም፣ የመኪና ሚዛኑም የሚታዘዙት ለዚሁ ስሌት ነው። "ሠራተኛው ሰንፎ ነው" ከማለታችን በፊት ሠራተኛው ትንፋሽ መውሰጃ ያለው መሆኑን እንይ።

በደረቅ ወደብም ነገሩ ያው ነው። በቀን 40 ኮንቴይነር የሚገባበትና እያንዳንዱ 15 ቀን የሚቆይበት ግቢ ለ600 ኮንቴይነር ቦታ ይፈልጋል። ቆይታው ወደ 10 ቀን ቢወርድ 400 ይበቃዋል። የ200 ኮንቴይነር ቦታ ክሬን ሳይገዛ፣ መሬት ሳይጠየቅ ተገኘ ማለት ነው። ሰነዱ ያለቀለትን ዕቃ ገበያ እስኪወደድ ግቢው ውስጥ የሚያቆይ አስመጪ ይህን ቢያስብበት ጥሩ ነው፤ መጋዘን ያደረገው የሌላውን ነጋዴ መንገድ ነው። ፈቃድ ወይም ሰነድ ዘግይቶበት የተያዘው ግን የተለየ ነው፤ እዚያ መጠናት ያለበት የወረቀቱ ጉዞ ነው።

ለጫማ ፋብሪካው መፍትሔው ውድ አይደለም። ቶዮታ ውስጥ ታይቺ ኦኖ ያስፋፋው ካንባን የሚባል አሠራር አለ፦ በሁለቱ ክፍሎች መካከል ልኩ የታወቀ መደርደሪያ ይቀመጣል፤ ሲሞላ ቆራጩ ያቆማል፤ ሰፊው ሲያነሳለት ይቀጥላል። በቆመበት ሰዓት ምላጩን ይሞርዳል፣ ማሽኑን ዘይት ያጠጣል፣ ወይም ስፌት ክፍሉን ያግዛል። ጉርሻውም በተቆረጠው ሳይሆን ተጠናቅቆ በወጣው ጫማ ይታሰብ። መጀመሪያ ሰሞን ጸጥ ያለውን ፕረስ ማየት አለቃን ያስጨንቃል፤ ይታገሡ።

የፋብሪካ ባለቤቶች ሆይ፣ ሁለተኛ ማሽን ለመግዛት ባንክ ከመሄዳችሁ በፊት በሁለቱ ክፍሎች መካከል የተከመረውን ቁጠሩና በቀን ለሚወጣው ምርት አካፍሉት። የቂሊንጦ ተማሪዎች ለመመረቂያ ጥናታቸው ሰዓትና ደብተር ይዘው ሲያንኳኩም በሩን ክፈቱላቸው።