ተጨማሪ መረጃ፦ ቲማቲምን በጠርሙስ አሽጎ ስለ ማቆየት

በኮልፌ ቀራንዮ የምትኖር እመቤት፣ ቲማቲም በገበያ በረከሰበት ወራት ለዐቢይ ጾም ወጥ የሚሆናትን በአፈ ሰፊ ጠርሙስ አሽጋ፣ ጠርሙሱንም በፈላ ውሃ ቀቅላ ልታቆይ ብትሻ፣ መኖሪያዋ ከባሕር ወለል በላይ በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለ ስለ ሆነ ውሃዋ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ መፍላቱን አስቀድማ ታስተውል ዘንድ ይገባል። ስለዚህም ለባሕር ዳርቻ ሀገር በተጻፈው የመቀቀያ ጊዜ ላይ 15 ደቂቃ መጨመር፣ ለግማሽ ሊትሩም 1 የሾርባ ማንኪያ ታሽጎ የሚሸጥ የሎሚ ጭማቂ ማግባት ግድ ነው፤ አሲዱ ቦቱሊነም የተባለው ረቂቅ ተሕዋስ በቅሎ መርዙን እንዳያመነጭ ይከለክላልና። ፈረንሳዊው ኒኮላ አፔር ይህን ምግብን አሽጎ የመቀቀል ጥበብ በ1810 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ሲገልጥ ምግቡ የማይበላሽበት ምሥጢር ገና አልታወቀም ነበር፤ ያብራራው በኋላ የመጣው ሉዊ ፓስተር ነው። ፎሶሊያና ካሮትን ግን፣ አሲዳቸው እጅግ ጥቂት ነውና፣ ለማሸጊያ በተሠራ የግፊት ድስት ካልሆነ በቀር በቤትዎ ከቶ አያሽጉ።