ተጨማሪ መረጃ፦ የማርሽ መቁረጫን በቶርኖ መሥራት

ማርሽ በፍሬዛ ሲቆረጥ ለአንድ ሞጁል (የጥርስ መጠን) አንድ መቁረጫ አይበቃም፤ የተለመደው ስብስብ 8 ነው። የጥርሱ ቁጥር ሲበዛ ጎኑ እየቀና ስለሚሄድ ከ135 ጥርስ ጀምሮ አንዱ ለሁሉም ይሆናል፤ ለ12 እና ለ13 ጥርስ ግን ሌላ ያስፈልጋል። ሙሉውን መግዛት ውድ ነው። ልደታ በሚገኘው ተግባረ ዕድ ኮሌጅም ሆነ በሰፈር ጋራዥ ቶርኖ የሚሠራ ወጣት የሚያስፈልገውን መቁረጫ ራሱ ሊያበጅ ይችላል።

ሁለት የጠነከሩ ክብ ብረቶች ጎን ለጎን መያዣ ላይ ይታሰራሉ፤ የመቁረጫው ቅርጽ በእነሱ ይወጣል። ዲያሜትራቸው የጥርስ ብዛት × ሞጁል × ሳይን 20° (የግፊት አንግሉ) ነው፤ ሞጁል 1 ለሆነ ባለ17 ጥርስ ማርሽ 5.81 ሚሊሜትር ይሆናል።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚያሻው የመቁረጫው ጥርስ ጀርባ ነው፦ ከስለቱ ኋላ ዝቅ ካላለ ብረቱን ይፈትጋል እንጂ አይቆርጥም።