ጎ-ጎ፦ ከሰፈር የምሽት ክበብ እስከ ከተማ ሕግ

የአሜሪካ ርዕሰ ከተማ ዋሽንግተን ዲ.ሲ. በይበልጥ የምትታወቀው በመንግሥት መሥሪያ ቤቶቿ ነው። ይሁንና ከተማዋ ጎ-ጎ የተሰኘ የራሷ የሙዚቃ ስልት ባለቤት መሆኗን ብዙዎች አያውቁም።

ስልቱ የተጀመረው በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ) አጋማሽ ሲሆን፣ የጎ-ጎ አባት ተብሎ የሚጠራው ድምፃዊና ጊታር ተጫዋች ቸክ ብራውን ነው። በወቅቱ የምሽት ክበቦች ወደ ሸክላ ማጫወት በማዘንበላቸው የሙዚቃ ባንዶች ሥራ አደጋ ላይ ወድቆ ነበር። ቸክ ብራውን መፍትሔ ያደረገው በዘፈኖች መካከል ያለውን ዕረፍት ማስቀረት ነው። አንዱ ዘፈን ሲያበቃ ከበሮው ሳይቋረጥ ወደሚቀጥለው ያሸጋግራል፤ መድረክ መሪውም የታዳሚዎችን ስምና ሰፈር እየጠራ ያወድሳል፤ ታዳሚውም በኅብረት ይቀበላል።

በዚህ ምክንያት ጎ-ጎ በስቱዲዮ ቅጂ ሙሉ መልኩን አያገኝም። በ1976 (እ.ኤ.አ) የተመሠረተው ሬር ኤሰንስ የተባለው ባንድ በ1986 (እ.ኤ.አ) ያሳተመው «ላይቭ አት ብሪዝስ ሜትሮ ክለብ» የተሰኘው አልበም ለዚህ አብነት ነው። በከተማዋ በሚገኝ የምሽት ክበብ በቀጥታ የተቀዳው ይህ ሥራ፣ ከሙዚቃው ጋር የታዳሚውን ምላሽ ጠብቆ አቆይቷል። ከመድረክ የድምፅ ማጉያ መሣሪያ የሚቀዱ ካሴቶችም በየሰፈሩ እየተሸጡ ሙዚቃውን አሠራጭተዋል።

ይሁንና የሙዚቃው መሠረት የሆነው ነዋሪ በኑሮ ውድነት ምክንያት እየለቀቀ ሄደ። በሕዝብ ቆጠራ መሠረት ጥቁር አሜሪካውያን በ1970 (እ.ኤ.አ) ከከተማዋ ነዋሪ 71 በመቶ ያህሉ የነበሩ ሲሆን፣ በ2020 (እ.ኤ.አ) ወደ 41 በመቶ ገደማ ወርደዋል።

ውጥረቱ ጎልቶ የወጣው በሚያዝያ 2019 (እ.ኤ.አ) ነው። በርካታ የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶች በሚገኙበት የሾው ሰፈር፣ አንድ የስልክ መሸጫ መደብር ለዓመታት ወደ ውጭ ሲያሰማ የቆየውን ጎ-ጎ በቀረበበት አቤቱታ ምክንያት እንዲያቆም ተደረገ። ነዋሪዎች አደባባይ ወጥተው ተቃውሞ በማሰማታቸው ሙዚቃው በቀናት ውስጥ ተመልሷል።

ጉዳዩ በዚህ አላበቃም። ከንቲባ ሚዩሪየል ባውዘር በየካቲት 2020 (እ.ኤ.አ) ጎ-ጎን የከተማዋ ይፋዊ ሙዚቃ የሚያደርገውን ሕግ ፈርመዋል። ሕጉ ስያሜ በመስጠት ብቻ ሳይወሰን፣ የከተማው አስተዳደር ሙዚቃውን የሚደግፍበት፣ የሚጠብቅበትና በቤተ መዛግብት የሚያኖርበት ዕቅድ እንዲያወጣ ያዛል።

ሕጉ ቅርሱን ለትውልድ ለማቆየት በር ከፍቷል። የነዋሪው ከቀዬው መልቀቅ ግን በዚህ ሕግ ብቻ የሚገታ አይደለም፤ በመኖሪያ ቤት አቅርቦት ረገድ የሚሠራውን ሥራም ይጠይቃል።