የቴሌቪዥን አገልግሎት ከመግዛትዎ በፊት

አዲስ ገቢ ቤተሰብ ቤቱን ሲያደራጅ ከአልጋና ከፍሪጅ ቀጥሎ የሚያስበው ቴሌቪዥን ነው። ቴሌቪዥኑን መግዛት ቀላል ነው፤ በቴሌቪዥኑ የሚታየውን አገልግሎት መምረጥ ግን ጊዜና ማስተዋል ይጠይቃል። አገልግሎቱን የሚሸጡ ድርጅቶች ብዙ ናቸው፤ ሁሉም «ከእኛ የሚረክስ የለም» ይላሉ። ይህ ጽሑፍ ከየትኛው ድርጅት እንደሚገዙ አይነግርዎትም። ዋጋውንና ጣቢያዎቹን እንዴት እንደሚያወዳድሩ፣ በስልክ ወይም በፊርማ ከተስማሙ በኋላ ምን መብት እንዳለዎት ግን ያስረዳዎታል። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዘመኖች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሳይከፍሉ የሚታየው

በቅድሚያ ያለ ወርሃዊ ክፍያ ቴሌቪዥን ማየት እንደሚቻል ይወቁ። «ዒዳን ፕሉስ» የሚባለው በአየር የሚተላለፍ ዲጂታል ሥርጭት በ2009 ተጀመረ፤ የድሮው የአንቴና ሥርጭት ደግሞ በ2011 ተዘጋ። በዒዳን ፕሉስ ከሚታዩት ጣቢያዎች መካከል የሕዝብ ሥርጭቱ ካን 11፣ ቄሼት 12፣ ሬሼት 13፣ በዓረብኛ የሚያስተላልፈው መካን 33 እና የክኔሴት ጣቢያ 99 ይገኛሉ። የሚያስፈልገው አነስተኛ አንቴናና አንድ ጊዜ የሚገዛ መቀበያ ሣጥን ብቻ ነው። መቀበያው ከውስጣቸው የተሠራላቸው ቴሌቪዥኖችም ስላሉ፣ ሣጥኑን ከመግዛትዎ በፊት ቴሌቪዥን የሸጠልዎትን ሰው ይጠይቁ።

ቀደም ብለው የገቡ ዘመዶችዎ «አግራ» ስለሚባል የቴሌቪዥን ግብር ይነግሩዎት ይሆናል። እውነት ነው፤ ለብዙ ዓመታት ሲከፈል ኖሯል። በ2014 በወጣው የሕዝብ ሥርጭት ሕግ መሠረት ግን ተሰርዟል። ዛሬ በቴሌቪዥን ስም አግራ ክፈሉ የሚል ሰው ቢመጣ አይክፈሉ። መኪና ያላቸው ሰዎች ከመኪናው ፈቃድ ጋር የሚከፍሉት የራዲዮ አግራ የተለየ ነገር ነው፤ እርሱ አልተሰረዘም።

«አምስት ስድስት ጣቢያ ምን ያደርጋል?» የሚሉ አሉ። በእኛ አስተያየት ግን ከኡልፓንና ከሥራ መልስ ደክሞት ለሚመጣ ሰው ለመጀመሪያዎቹ ወራት ይህ በቂ ነው። ጎረቤትዎና የሥራ ባልደረባዎ ጠዋት ጠዋት የሚያወሩትም በአብዛኛው ማታ በእነዚሁ ጣቢያዎች የታየውን ነው። በአማርኛ ዜና ለመስማት ለሚፈልግ ደግሞ «ሬቃ» የሚባለው የሕዝብ ራዲዮ ጣቢያ የአማርኛ ዝግጅት አለው፤ ምንም አያስከፍልም። አንድ ወር በዚህ ከቆዩ በኋላ ምን እንደጎደለዎት በደንብ ያውቃሉ፤ ያን ጊዜ ሻጩን ማነጋገር ይቀላል።

በክፍያ የሚታየው በምን ይመጣል?

በክፍያ የሚሰጠው አገልግሎት ወደ ቤትዎ የሚደርሰው በሦስት መንገድ ነው። የመጀመሪያው በመሬት ውስጥ በተዘረጋ ገመድ ሲሆን በዕብራይስጥ «ክቫሊም» ይባላል። ይህ በ1990 ገደማ የተጀመረ ሲሆን፣ በዚያን ዘመን በየአካባቢው የሚሠራ አንድ ድርጅት ብቻ ስለነበር ደንበኛው ምርጫ አልነበረውም። ድርጅቶቹ በኋላ ተዋሕደው «ሆት» ሆኑ። ሁለተኛው መንገድ ሳተላይት፣ በዕብራይስጥ «ላቭያን» ነው፤ «የስ» የተባለው ድርጅት በ2000 ሥርጭቱን ጀመረ። ሦስተኛው በኢንተርኔት የሚመጣው ነው። «ሴልኮም» በ2014፣ «ፓርትነር» በ2017 በዚህ መንገድ ገቡ፤ የቆዩት ሁለቱ ድርጅቶችም ዛሬ በኢንተርኔት የሚታይ አገልግሎት ይሸጣሉ።

ይህን ማወቅ ለምን ይጠቅማል ቢሉ፣ ወጪው እንደ መንገዱ ስለሚለያይ ነው። በኢንተርኔት የሚመጣው ቴሌቪዥን ብዙ ጊዜ ርካሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ኢንተርኔቱ ከሌለዎት እርሱንም መግዛት አለብዎት። ስለዚህ «ይህ ዋጋ ኢንተርኔቱን ይጨምራል ወይስ የቴሌቪዥኑ ብቻ ነው?» ብለው ይጠይቁ። ለሳተላይት ደግሞ ዲሽ ይተከላል። የየስ ሥርጭት የሚመጣበት ሳተላይት ከእስራኤል ሲታይ በደቡብ ምዕራብ በኩል ነው፤ በዚያ አቅጣጫ ረጅም ሕንጻ ወይም ትልቅ ዛፍ ከጋረደ ምስሉ አይገባም። ጣሪያው የጋራ በሆነበት ሕንጻ ዲሽ ከማስተከልዎ በፊት የሕንጻውን ኮሚቴ፣ ማለት «ቫዓድ ባይት»ን ያነጋግሩ። ተከራይ ከሆኑም ያለ ቤቱ ባለቤት ፈቃድ ግድግዳ አያስበሱ።

ከኢትዮጵያ ስለሚተላለፉ ጣቢያዎች ብዙ ጥያቄ ይቀርባል። ብዙ የኢትዮጵያ ጣቢያዎች በ2019 «ኢትዮሳት» በሚል ስም በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ባለ ሳተላይት ተሰባሰቡ። ይህ ሳተላይት ከእኛ ሲታይ በደቡብ ምሥራቅ በኩል ነው። ስለሆነም ለየስ የተተከለው ዲሽ ወደ ሌላ ሰማይ ስለሚያይ የኢትዮጵያን ጣቢያ አያመጣልዎትም፤ ራሱን የቻለ ዲሽና መቀበያ ያስፈልጋል። በሰፈሩ እየዞረ ዲሽ የሚተክል ባለሙያ ቢያነጋግርዎት፣ በእርስዎ አካባቢ መያዝ አለመያዙን አስቀድመው ከጎረቤት ቤት ሄደው ይዩ፤ ምስሉ በራስዎ ቴሌቪዥን ላይ ሳይታይም ገንዘቡን አይስጡ። ኢንተርኔት ያለው ቤተሰብ ደግሞ ከእነዚህ ጣቢያዎች ብዙ ዝግጅት በዩቲዩብ ያገኛል። ለአያት ለእናት ብሎ ውድ ውል ከመግባት በፊት ይህን መሞከር ደግ ነው።

ዋጋውን እንዴት እንደሚያወዳድሩ

በማስታወቂያው ላይ በትልቁ የተጻፈው ቁጥር ዋጋው ሙሉ አይደለም። አንድ ምሳሌ እንውሰድ፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት ብቻ የተሰጡ ናቸው። አንደኛው ድርጅት «በወር 99 ሸቅል» ይላል። ከሥር በትንንሽ ፊደል ሲነበብ ግን ይህ ለመጀመሪያዎቹ 12 ወራት ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ 169 ሸቅል ይሆናል። ልጆች ባሉበት ክፍል ለሚቀመጠው ሁለተኛ መቀበያ፣ ማለት «ሜሚር»፣ በወር 20 ሸቅል ይጨመራል። ለመግጠሚያ አንድ ጊዜ 150 ሸቅል ይከፈላል። ሁለተኛው ድርጅት «በወር 139 ሸቅል» ይላል፤ ሁለት ሜሚር ይሰጣል፣ ለመግጠሚያ አያስከፍልም፣ ዋጋውም ለሁለት ዓመት አይለወጥም።

አሁን የሁለት ዓመቱን ይደምሩ። የመጀመሪያው ድርጅት 1,188 ሲደመር 2,028፣ ሲደመር 480፣ ሲደመር 150፤ በጠቅላላው 3,846 ሸቅል ይሆናል። የሁለተኛው 3,336 ሸቅል ነው። ርካሽ የመሰለው በ510 ሸቅል በለጠ ማለት ነው። ስለዚህ ሻጩን «በወር ስንት ነው?» ብለው ብቻ አይጠይቁ፤ «በሁለት ዓመት ውስጥ ከኪሴ የሚወጣው በጠቅላላው ስንት ነው?» ይበሉ። «ሒናም» የሚለውም ቃል ትርጉሙ «በነጻ» ቢሆንም፣ በማስታወቂያ ላይ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ «ለጊዜው በነጻ» ማለት ነው። አንድ ወር በነጻ የተሰጠ የፊልም ጣቢያ በሁለተኛው ወር ከሂሳቡ ላይ ይገኛል።

የጣቢያው ቁጥርም እንዲሁ ነው። አንድ መቶ ሃምሳ ጣቢያ የሚያይ ቤተሰብ የለም። በማያውቁት ቋንቋ የሚናገሩ፣ ዕቃ የሚሸጡ፣ አንዱን ዝግጅት ደጋግመው የሚያሳዩ ጣቢያዎች ሁሉ በቁጥሩ ውስጥ ይገባሉ። በቤትዎ ያለ ሰው ሁሉ በእውነት የሚያየውን በወረቀት ላይ ይጻፉ፤ ለሕፃናት፣ ለኳስ፣ ለፊልም፣ ለአማርኛ። ከዚያም ወረቀቱን ይዘው እያንዳንዱ በመሠረታዊው «ሐቪላ» ውስጥ መኖሩን፣ ወይስ ተጨማሪ የሚከፈልበት መሆኑን አንድ በአንድ ይጠይቁ። በተለይ ኳስ ይጠንቀቁ። ልዩ ልዩ ውድድሮች በልዩ ልዩ ጣቢያዎች ስለሚታዩ «ስፖርት አለ» የሚል መልስ በቂ አይደለም፤ የሚፈልጉትን ውድድር ስም ጠርተው ይጠይቁ።

በስልክ የሚነገር «እሺ»

ከሁሉ በላይ ልብ እንዲሉት የምንፈልገው ይህን ነው። በእኛ ባህል አንድ ሰው በትሕትና ሲያነጋግረን ዝም ማለት ነውር ስለሆነ፣ በየመሐሉ «እሺ፣ እሺ» እንላለን። ትርጉሙም «እየሰማሁዎት ነው» ማለት ነው እንጂ «ገዝቻለሁ» ማለት አይደለም። ወደ ቤትዎ ስልክ የሚደውለው ሻጭ ግን ንግግሩን በቴፕ ሊቀዳ ይችላል፤ እርስዎ «ኬን፣ በሴዴር» ሲሉ እርሱ የሚሰማው ስምምነት ነው። የባንክ ወይም የክሬዲት ካርድ ቁጥር ከሰጡ በኋላ ውል ተዋዋሉ ማለት ነው። ፊርማ አያስፈልግም።

ስለዚህ ያልገባዎትን ነገር «ኬን» አይበሉ። «ቲሽላሕ ሊ ቢክታቭ፣ ቤቫቃሻ» ይበሉ፤ «እባክዎ በጽሑፍ ይላኩልኝ» ማለት ነው። ካልፈለጉ ደግሞ «ሎ ሜዑንያን፣ ቶዳ» ብለው ስልኩን መዝጋት በዚህ አገር እንደ ስድብ አይቆጠርም። ልጅዎን አስተርጓሚ አያድርጉ፤ የስፖርት ጣቢያ የሚመኝ ልጅ የሚተረጉመው እንደ ምኞቱ ነው። ጥሪው ከበዛብዎትም የስልክ ቁጥርዎን ከ2023 መጀመሪያ አንሥቶ በሚሠራው የማስታወቂያ ጥሪ ማገጃ መዝገብ ላይ ማስመዝገብ ይችላሉ፤ መዝገቡን የያዘው የሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን ነው።

ውሉ ከተፈጸመስ? በሸማቾች ጥበቃ ሕግ መሠረት ማንኛውም ሰው በስልክ የገባውን ውል በ14 ቀን ውስጥ መሰረዝ ይችላል። አዲስ ገቢ ግን ከሻጩ ጋር በንግግር ለገባው ውል አራት ወር ተሰጥቶታል። ለዚህ መብት አዲስ ገቢ የሚባለው «ቴዑዳት ዖሌ» ከተሰጠው አምስት ዓመት ያልሞላው ሰው ነው። ዕድሜያቸው 65 ዓመት የሞላና የአካል ጉዳት ያለባቸው ሰዎችም፣ ከገቡ ስንት ዓመት ቢሆናቸው፣ ይኸው አራት ወር አላቸው። ጊዜው የሚቆጠረው ውሉ ከተፈጸመበት ወይም የውሉ ዝርዝር በጽሑፍ ከደረሰዎት ቀን፣ ከሁለቱ ከዘገየው አንሥቶ ነው። የመሰረዣው ክፍያ ከዋጋው 5 በመቶ ወይም ከ100 ሸቅል፣ ከሁለቱ ካነሰው ሊበልጥ አይችልም፤ የተጠቀሙባቸውን ቀናት ግን ይከፍላሉ። ሲሰርዙ «አኒ ዖሌ ሐዳሽ፣ አኒ ሜቫቴል ኤት ሃዒስቃ» ይበሉ፤ ሴት ከሆኑ «አኒ ዖላ ሐዳሻ፣ አኒ ሜቫቴሌት ኤት ሃዒስቃ»። በቃል ከተናገሩ በኋላ በጽሑፍም ይላኩ፤ ቅጂውንም ያስቀምጡ።

በመርካዝ ቅሊታ ለሚኖሩና አገልግሎት ለሚያቋርጡ

በመርካዝ ቅሊታ የሚኖር ቤተሰብ ወደ ቋሚ ቤት መቼና ወዴት እንደሚዛወር ብዙ ጊዜ አያውቅም። ስለዚህ ረጅም «ሒትሐይቩት» ያለበት ውል አይግቡ። ይህ ቃል በቀጥታ ሲተረጎም «ግዴታ መግባት» ሲሆን፣ እዚህ ላይ የሚያመለክተው እስከ ተወሰነ ጊዜ ደንበኛ ሆኖ ለመቆየት የተሰጠን ቃል ነው። ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወሩ አገልግሎቱ በዚያ መኖሩንና ለማዛወር ስንት እንደሚያስከፍል አስቀድመው ይጠይቁ። በ2011 በተደረገ የሕግ ማሻሻያ ከጊዜው በፊት ለሚወጣ ደንበኛ የሚጣለው የመውጫ ቅጣት በእጅጉ ተገድቧል፤ ቅጣት ቢጠየቁ ምክንያቱን በጽሑፍ ይጠይቁ እንጂ ወዲያው አይክፈሉ።

የቅናሹ ጊዜ ሊያልቅ ሲል ድርጅቱ በጽሑፍ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ማሳወቂያው በዕብራይስጥ ተጽፎ ከሂሳቡ ጋር ስለሚመጣ ሳይነበብ ይጣላል፤ ስለዚህ የቅናሹን የመጨረሻ ቀን በግድግዳው ካላንደር ላይ ይጻፉ። ቀኑ ሲደርስ ደውለው «ሌላ ድርጅት ይህን ያህል ሰጥቶኛል» ማለት የተለመደ ነው፤ ብዙ ጊዜም ዋጋው ይቀንሳል።

አገልግሎቱን ለማቋረጥ ሲፈልጉ ለድርጅቱ ያሳውቁ፤ የባንኩን ትእዛዝ፣ ማለት «ሆራአት ኬቫ»ን ዝም ብሎ ማገድ ዕዳ ያስከትላል። ካሳወቁ በኋላ ድርጅቱ በ3 የሥራ ቀን ውስጥ፣ በአደራ ደብዳቤ ከላኩ በ6 የሥራ ቀን ውስጥ ማቋረጥ አለበት። ያነጋገሩትን ሠራተኛ ስምና ሰዓቱን ይመዝግቡ። ሜሚሩ የድርጅቱ ንብረት ከሆነ ከነሪሞቱና ከነገመዱ ይመልሱ፤ ካልመለሱ ዋጋውን ይጠየቃሉ። ሲመልሱ በሜሚሩ ጀርባ ያለው ቁጥር የተጻፈበት ደረሰኝ ይቀበሉ። ድርጅቱ ገንዘብ መውሰዱን ካላቆመ ደረሰኙንና የባንክ ወረቀቱን ይዘው ለሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን ወይም ለመገናኛ ሚኒስቴር አቤቱታ ያቅርቡ።