የኮሌጅ ተማሪ ስለ ራሱ የሚጽፈው የመጀመሪያ ረቂቅ

ኮሌጁን ለመፈጸም የተቃረበ ልጅ ወይም ወንድም በቤታችን የሌለን ጥቂቶች ነን። ይኸው ወጣት ለሥራ መጠየቂያ የሚሆን የሕይወት ታሪኩን በአንድ ገጽ እንዲጽፍ በተጠየቀ ጊዜ፥ «እኔ ምን ሠርቼ አውቃለሁ!» ብሎ ብዕሩን ያስቀምጣል። አባትም ያዝንለትና ከመሥሪያ ቤቱ የሌላ ሰው ጽሑፍ አምጥቶ፥ ስሙን ብቻ ለውጦ እንዲገለብጥ ይሰጠዋል። ይህ እርዳታ ግን ልጁን የሚጎዳ ነው።

ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ዕድሜው 30 ዓመት ገደማ ሳለ፥ ይኸውም በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1482 ዓ.ም. አካባቢ፥ ለሚላኖ ገዥ ለሉዶቪኮ ስፎርዛ ሥራ ለመጠየቅ ያዘጋጀው ደብዳቤ እስከ ዛሬ የሚገኘው በረቂቁ ነው። በረቂቁም ስለ ድልድይ፥ ስለ መድፍና ስለ ጦር ሠረገላ በተራ ቍጥር ከዘረዘረ በኋላ፥ ሥዕል መሣል መቻሉን የጠቀሰው ወደ መጨረሻው ነው። ለጦር የሚጠቅመውን አስቀድሞ፥ ዛሬ ዓለም የሚያውቅበትን ጥበብ ወደ ኋላ አደረገው ማለት ነው።

እንግዲህ ተማሪው አስቀድሞ የሠራውን ሁሉ ሳይመርጥ ይዘርዝር፤ የመመረቂያ ጽሑፉን፥ የተግባር ልምምዱን፥ በክረምት ያስጠናቸውን የሰፈር ልጆች፥ የማኅበር ገንዘብ ያዥ ሆኖ ማገልገሉን ጭምር። ቀጥሎ የሥራውን ማስታወቂያ ከጎኑ አኑሮ፥ ለዚያ ሥራ የሚጠቅመውን ከላይ ያድርግ፤ የማይጠቅመውን ይሰርዝ። «ታታሪ ነኝ» ከማለት ይልቅ፥ «በሁለት ወር ልምምዴ የዕቃ ግምጃ ቤቱን መዝገብ ወደ ኮምፒዩተር አስገባሁ» ቢል ይታመናል።

ከትምህርቱም የቅርቡን ያስቀድም። ገና ካልተመረቀ የሚመረቅበትን ዓመት ይግለጽ፤ በአገራችን በ2015 ዓ.ም. የተጀመረውን የመውጫ ፈተና አልፎ እንደ ሆነ ይህንኑ ይጥቀስ። ጽሑፉ ለውጭ አገር ድርጅት የሚላክ ሲሆን፥ ሐምሌ 2015ን ጁላይ 2023 ብሎ በኤውሮፓ አቆጣጠር ይጻፍ፤ አለዚያ አንባቢው ልጁ ከእውነተኛው ጊዜ ስምንት ዓመት ቀድሞ የተመረቀ ይመስለዋል።

ከሁሉም በላይ የሁለት ወር ልምምድ የሁለት ዓመት አገልግሎት እንዳይባል መጠንቀቅ ያሻል። በመዝገብ ቤት የሠራን ሁሉ እንደምናውቀው፥ ሐሰተኛ ቃል ከማኅደር ከገባ በኋላ ከባለቤቱ ጋር አብሮ ይኖራል፤ ሰውዬው ለእድገት በታጨ ቀንም ሊገለጥ ይችላል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

ስለዚህ፥ ክቡራን አንባብያን፥ ዛሬ ማታ ልጃችሁ ወረቀቱን ይዞ ሲመጣ አትጻፉለት፤ ጠይቁት። «ይህን የሠራኸው መቼ ነው? ስንት ነበር? ማን ይመሰክርልሃል?» በሉት። መልሱን ራሱ ሲጽፍ፥ ምንም አልሠራሁም ያለው ልጅ ገጹ ጠብቦት ታገኙታላችሁ።